የስቴልቪዮ የብስክሌት ቀን

የስቴልቪዮ የብስክሌት ቀን በሰሜን ኢጣሊያ የሚገኘው የስቴልቪዮ በር በዓመት አንድ ቅዳሜ ለሞተር ተሽከርካሪ ተዘግቶ ለብስክሌተኛና ለእግረኛ የሚለቀቅበት ዕለት ነው። የሚውለው እንደየዓመቱ በነሐሴ ማብቂያ ላይ፣ እኛ ጳጉሜንን በምንጠብቅበት ሰሞን ነው። መንገዱ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ይዘጋል። "ይዘጋል" የሚለው ግን የባለመኪናው አነጋገር ነው፤ ለብስክሌተኛው የሚከፈተው ገና ያን ጊዜ ነው።

"በር" ያልነው ደገኛው በተራሮች መካከል ያለውን መሻገሪያ በዚህ ስም ስለሚጠራው ነው፤ ጣርማ በርን ያስታውሷል። ስቴልቪዮ ከባሕር ወለል በላይ 2,757 ሜትር ነው፤ አንድ ሜትር የሚጨምሩለትም አሉ። በአስፋልት ከሚታለፉ የአልፕስ በሮች የሚበልጠው በፈረንሳይ ያለው የኢዝራን በር ብቻ ነው፤ እርሱም በጥቂት ሜትር። በጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ለተሻገረ ሰው ቁጥሩ ላያስደንቀው ይችላል። ስቴልቪዮን ስቴልቪዮ ያሰኘው አወጣጡ ነው።

የሚወጣውም በሦስት በኩል ነው። ዝነኛው ከፕራቶ መንደር የሚነሣው ሲሆን በ24 ኪሎ ሜትር ውስጥ 1,800 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወስዳል። በዚህ በኩል 48 መታጠፊያዎች አሉ። ቁጥራቸው በየጥጉ ተጽፏል፤ ከታች ከ48 ይጀምርና አናቱ ላይ 1 ይደርሳል። ስለዚህ የሚወጣው ሰው የሚያነበው የቀረውን እንጂ ያለፈውን አይደለም፤ 30 ላይ ሲደርስ ይህ ደግነት ይሁን ጭካኔ ለመለየት ያስቸግራል። ሁለተኛው ከቦርሚዮ ከተማ ተነሥቶ በዋሻዎች እያለፈ 21.5 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ሦስተኛው ከስዊዘርላንዷ ሳንታ ማሪያ በ2,501 ሜትሩ የኡምብራይል በር በኩል ይመጣል። የዚህኛው የመጨረሻ የጠጠር ክፍል አስፋልት የለበሰው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው።

መንገዱ የተሠራው ለጦርና ለአስተዳደር ነበር። ናፖሊዮን ከወደቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1815፣ ሎምባርዲያ በኦስትሪያ እጅ ገባች፤ ቪየናም ሚላኖን ከቲሮል የሚያገናኝ መንገድ ፈለገች። ሥራው ለብሬሻው መሐንዲስ ለካርሎ ዶኔጋኒ ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1820 ተጀምሮ በ1825 አለቀ፤ በዓመት ውስጥ ብዙ ወራት በረዶ በሚውጠው ገደል ላይ አምስት ዓመት ብቻ ፈጀ ማለት ነው። ዶኔጋኒ ቁልቁለቱን ፊት ለፊት አልገጠመውም፤ እያጣጠፈ አሸነፈው እንጂ። ያን ጊዜ መኪና አልተፈለሰፈም፤ ፔዳል ያለው ብስክሌትም ገና ነበር። ዳገቱ የተለካው በፈረስ ትንፋሽ ነው። አማካይ ቁልቁለቱ ከ7 እስከ 8 በመቶ መሆኑ ዛሬ ለሰው እግር የተመቸው በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚህ አንጻር በዚያ ጎዳና ላይ እንግዳው መኪናው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኦስትሪያ ሎምባርዲያን እ.ኤ.አ. በ1859 ስታጣ በሩ የድንበር ኬላ ሆነ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዙሪያው በበረዶ ላይ የሚዋጉበት ግንባር ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ሁለቱም ወገን ለኢጣሊያ ሆነ።

ስቴልቪዮ በብስክሌተኞች ዘንድ ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 1953 የኢጣሊያ ዙር ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያልፍበት ነው። የዕለቱ ጉዞ ከቦልዛኖ እስከ ቦርሚዮ 125 ኪሎ ሜትር ነበር። ስዊዘርላንዳዊው ሁጎ ኮብሌት በዙሩ ድምር ሰዓት ኢጣሊያዊውን ፋውስቶ ኮፒን በ1 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ይመራ ነበር። ከአንድ ቀን በፊት ሁለቱ አብረው ቦልዛኖ ገብተው ነበር፤ ኮብሌት የዕለቱን ድል ለኮፒ የተወለት ዙሩ የእርሱ እንዲሆን ተስማምተው ነው የሚሉ አሉ። ስምምነት ነበር ወይ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ የተጻፈ ነገር ግን የለም፤ ዳገት ደግሞ ውል አያውቅም። በማግስቱ ጠዋት የኮፒ ቡድን ባልደረባ ፎቶግራፍ በሚል ሰበብ ኮብሌትን ጥቁር መነጽሩን አስወልቆ የዐይኑን ድካም አይቷልም ይባላል። እርግጠኛው ነገር ይህ ነው፦ መጀመሪያ ወጣቱ ኒኖ ዴፊሊፒስ አፈተለከ፣ ኮብሌት ሲያሳድደው ጉልበቱን ጨረሰ፣ ኮፒ ብቻውን ወጣ። ቦርሚዮ ሲገባ ኮብሌትን በ3 ደቂቃ ከ28 ሰከንድ ቀድሞት ነበር። በ1 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ብልጫ አምስተኛ የኢጣሊያ ዙር ድሉን አገኘ። ኮፒ በአፍሪካ፣ በያኔዋ ላይኛው ቮልታ (በዛሬዋ ቡርኪና ፋሶ)፣ በያዘችው ወባ እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 1960 ሞተ። ከ1965 ጀምሮ የየዓመቱ ዙር ከፍተኛ ቦታ "ቺማ ኮፒ"፣ ማለትም የኮፒ ጫፍ፣ ይባላል፤ ዙሩ በስቴልቪዮ ባለፈ ቁጥር ስሙ የሚያርፈው እዚያው ነው።

የብስክሌት ቀኑ የተጀመረው በዚህ ምዕተ ዓመት መግቢያ ላይ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ከተቋቋመው የስቴልቪዮ ብሔራዊ ፓርክ ጋር የተያያዘ ነው። ውድድር አይደለም። ምዝገባ የለም፣ ክፍያ የለም፣ ሰዓት የሚይዝም አሸናፊም የለም። የሚመጣው በሺህ የሚቆጠር ሰው ነው፤ በቀጭን ጎማ የሚፈተለከውም፣ ወፍራም ጎማ ያለውም፣ በኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚወጣውም አለ። በባትሪ መውጣት መውጣት ነው ወይ የሚል ክርክር በየመታጠፊያው ይሰማል፤ ክርክሩን የሚያነሡት ትንፋሽ የተረፋቸው ናቸው።

እግረኛው ከበሩ ትንሽ ወጣ ብሎ 2,843 ሜትር ከፍታ ወዳለው "የሦስት ቋንቋዎች ጫፍ" ይደርሳል። ስሙ የመጣው በአካባቢው ጣሊያንኛ፣ ጀርመንኛና ሮማንሽ ስለሚገናኙ ነው።

አደጋው ያለው መውጣት ላይ ሳይሆን መውረድ ላይ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ከታች የሚወጣው ሕዝብ ደግሞ ብዙ ነው። አዘጋጆቹ ከፕራቶ የወጣ ሰው በመጣበት እንዳይመለስ ይመክራሉ፤ በኡምብራይል በር ወደ ሳንታ ማሪያ ወርዶ፣ የስዊዘርላንድን ሸለቆ ይዞ ፕራቶ ቢገባ ሙሉ ክብ ይሠራል። ፍሬኑን ከመነሣቱ በፊት ያልፈተሸ ሰው ግን ምክሩ ብቻውን አያድነውም። በላብ የራሰ ሰው አናቱ ላይ የንፋስ መከላከያ ካልደረበ እስከ ታች ድረስ ይንቀጠቀጣል።

ይህን ዓይነት ቀን ያለው ስቴልቪዮ ብቻ አይደለም። በዶሎሚቲ ተራሮች የሴላሮንዳ የብስክሌት ቀን አራት በሮችን በአንድ ጊዜ ይዘጋል። አዲስ አበባም ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ "መንገድ ለሰው" በሚል ጎዳናዎቿን ለእግረኛ ስትለቅ ታይታለች፤ በተራራ በር ላይ ግን አልተሞከረም።

በስቴልቪዮ ከዚያ ቅዳሜ ውጪ ያሉት የአውሮፓ በጋ ቀናት የሞተር ብስክሌትና የመኪና ናቸው። በሚያልፉት ላይ ክፍያ ይጣል የሚለው ሐሳብ ለዓመታት ሲነሣ ቆይቷል። በብስክሌቱ ቀን 10 ሰዓት ሲሆን መከላከያው ይነሣል፤ ጥቂት ሳምንታት አልፈው በረዶው ሲጥል ደግሞ በሩ እስከ ግንቦት ማብቂያ ወይም ሰኔ ድረስ ለሁሉም ይዘጋል።