በድሬዳዋና በሐረር ዙሪያ ከመኪና የራቁ የብስክሌት መንገዶች

በድሬዳዋና በሐረር መካከል ስላለው አገር ሲወራ ብስክሌተኛ ቶሎ ትዝ የሚለው የደንገጎ ጠመዝማዛ ነው። ጠመዝማዛው ውብ ነው፤ ነገር ግን የመኪና መንገድ ነው። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው መኪና በማይገባባቸው፣ ገብቶ በተዋቸው ወይም በተወሰነ ሰዓት ብቻ ጋብ በሚልባቸው መንገዶች ላይ ነው። እንዲህ ያሉት መንገዶች በአንድ ቦታ ተሰብስበው ስላልተጻፉ፣ እዚህ የቀረበው ከባቡሩ ታሪክ፣ ከሰፈር ሰው ቃልና ጸሐፊው በፔዳል ካያቸው ቦታዎች የተለቃቀመ ነው።

መልክዓ ምድሩ

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ላይ፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው መንገድ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ሆኖም ከቆላው ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ የሆነውን ደንገጎን መሻገር ግድ ይላል። ስለዚህ ብስክሌተኛው ሦስት ዓይነት አገር ያገኛል፤ የባቡሩን ሜዳ፣ ገደሉንና የሐረማያን ደጋ። ከሦስቱ ሰፊውና ጸጥ ያለው ሜዳው ነው።

የባቡሩ ውርስ

ድሬዳዋን የፈጠራት ተራራው ነው ማለት ይቻላል። አፄ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሼፍኔ የባቡር ፈቃድ ሲሰጡ (እ.ኤ.አ. 1894) ሐዲዱ ከጅቡቲ ወደ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ሥራው ከጅቡቲ ሲጀመር ግን ወጪው እየከበደ መጣ፤ ተራራውን መውጣትም የማይሞከር ሆነ። መሐንዲሶቹ ሐረርን ላይ ትተው ሐዲዱን ከገደሉ ሥር በሜዳው አሳለፉት። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ዛሬ ድሬዳዋ ካለችበት ስፍራ ደረሰ። አዲሲቱ ከተማ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። አሁን ስለምትጠራበት ስም አንዳንዶች «ዲር (የሶማሊ ጎሳ ስም ነው) ጦሩን የተከለበት» የሚል የሶማሊኛ ፍቺ ይሰጣሉ፤ ሌሎች ከኦሮምኛ አምጥተው «የመድኃኒት ሜዳ» ይላሉ። ነዋሪው ሁለቱንም ሲያወራ ይሰማል።

ባቡሩ ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ኩባንያው ከሰረ፤ ሌላ ተተካ፤ መስመሩም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር። በእነዚያ ዓመታት ድሬዳዋ የባቡሩ ልብ ሆነች። ትልቁ ጋራዥ፣ የሠራተኛው መኖሪያ፣ የባቡር ጣቢያው ለገሃሬም እዚሁ ነበሩ። የከዚራ ሰፈር በቀጥታ መስመር ተቀይሳ በዛፍ ጥላ ተከበበች፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለችው የመጋላ ሰፈር ግን በራሷ መንገድ አደገች። ከተማዋ ብስክሌት የለመደችው በዚህ ሜዳማነቷ ነው። ዛሬም የድሬ ልጅ «ሳይክል» ሲል እንደ ቤተሰብ ዕቃ ነው የሚያወራላት።

ለብስክሌተኛ የባቡሩ ታሪክ ዋና ነገር ይህ ነው። በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር ቁልቁለትና ዳገት ስለማይችል፣ ቀያሾቹ በየሸለቆው ዞረው ለስላሳውን ዘንበል ፈልገዋል። ለባቡር የቀለለ ዳገት ለጉልበትም ይቀላል። አሮጌው ሐዲድ ባለፈበት ሁሉ በጎኑ የአፈር መንገድ ይከተለዋል፤ የእግረኛ፣ የግመልና የአህያ መንገድ ነው።

በጣሊያን ወረራ ዘመን የደንገጎ መንገድ ተሻሻለ፤ የሲሚንቶ ፋብሪካውም ተሠራ። ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ካላማዳሪ፣ ጎሚስታ የሚሉት የብስክሌተኛ ቃላትም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ሐዲዱ ተቆርጦ ነበር። ከዚያ በኋላ መስመሩ እያረጀ ሄዶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ባቡር በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ቆመ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ ሐዲድ ስለሚሄድ አሮጌው ጎን ለጎን ቀረ።

ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ፦ መልካ ጀብዱ፣ ሑርሶ፣ ኤረር

ከሁሉም ብልጫ ያለው መንገድ ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እስከ መልካ ጀብዱ ድረስ የፋብሪካና የጭነት መኪና ይበዛል፤ ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት መውጣት ይበጃል። ከመልካ ጀብዱ ወዲያ ግን አየሩ ይለወጣል። በግራ በኩል ገደሉ ከነጥላው አብሮ ይሄዳል፤ በቀኝ የግራር ሜዳው እስከ ዓይን ጥግ ይዘረጋል። ከፊት አንድ ልጅ ግመል እየነዳ ይመጣል፤ ሲያልፍ ግመሎቹ ቆም ብለው ብስክሌቱን ያያሉ፤ ልጁ በምላሱ «ቅ ቅ» ብሎ ያስኬዳቸዋል። የሚሰማው የጎማ ድምፅ ብቻ ነው።

እዚህ የብስክሌት ጠላት መኪና ሳይሆን የግራር እሾህ ነው። ጸሐፊው በዚህ መንገድ ሁለቱም ጎማዎች ተነፍሰውበት እስከ መልካ ጀብዱ በእግሩ ገፍቷል። ጎሚስታው ካላማዳሪውን አውጥቶ በሳፋ ውኃ ውስጥ ሲያዞረው አረፋው በሰባት ቦታ ወጣ። ሰባቱንም አንድ በአንድ በሸካራ ወረቀት ፈግፍጎ፣ ማስቲሽ ቀብቶ፣ በቁራጭ ጎማ ለጠፈ። «ይሄ መንገድ ወፍራም ጎማ ነው የሚፈልገው፤ ቀጭን ይዘህ አትምጣ አቦ» አለ። ምክሩ ትክክል ነው። ሁለት ትርፍ ካላማዳሪና ፓምፕ ሳይዙ ከሑርሶ ማለፍ አይገባም።

ሐዲዱ ደረቅ ወንዝ በሚሻገርበት ሁሉ አሮጌ የብረት ድልድይ አለ። በድልድዩ ላይ ብስክሌት ይዞ መራመድ አደገኛ ነው፤ ወርዶ በአሸዋው መግፋት ይሻላል። ሑርሶ የወታደር ማሠልጠኛ ያለበት ስለሆነ ፎቶ ማንሳት አይገባም። ከዚያ ወዲያ ኤረር በፍል ውኃዋ ትታወቃለች፤ ለደከመ ጉልበት ከዚህ የተሻለ ማረፊያ የለም።

ወደ ሺኒሌና ወደ ጀልዴሳ

ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አስፋልት የከባድ መኪና ነው፤ ሺኒሌ ድረስ የሚኬድበት በጠዋት ብቻ ነው። ጀልዴሳ ከባቡሩ በፊት ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው ቅፍለት የሚያርፍባት መንደር ነበረች።

ከተማው ውስጥና ደቻቱ

የከዚራ ጎዳናዎች ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ባዶ ይሆናሉ። ሱቁ ይዘጋል፤ ሰው ከሙቀቱ ሸሽቶ በርጫ ላይ ይቀመጣል፤ ባጃጁም በጥላ ሥር ይተኛል። ጀማሪ ልጅ ሳይክል የሚማረው በዚህ ሰዓት ነው፤ ዛፎቹ ባይኖሩ ግን ፀሐዩ አያስችልም ነበር። የኮሪደር ልማት ሥራ ወደ ድሬዳዋና ሐረር ከገባ ወዲህ በዋና ጎዳናዎች ጠርዝ የብስክሌት መስመር መታየት ጀምሯል። በ2011 ዓ.ም. በአገር ደረጃ የተጀመረው ከመኪና ነፃ ቀንም ጎዳናን ለእግርና ለብስክሌት የመልቀቅን ሐሳብ አስለምዷል።

ደቻቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ወንዙን ይዞ ወደ ደቡብ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ የሄደ ሰው ከገደሉ ላይ ያለውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ያገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1929 ፈረንሳዊያኑ ቴያር ደ ሻርዳንና አንሪ ደ ሞንፍሬ ካዩት ወዲህ በጥንታዊ ሰው ቅሪቱና በግድግዳ ሥዕሉ የታወቀ ነው። ብስክሌቱን ከታች ትቶ በእግር መውጣት ያስፈልጋል። በክረምት ግን ደቻቱ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ዝናቡ የሚዘንበው ከላይ ደጋው ላይ ስለሆነ ከተማው ላይ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል።

ደንገጎና የሐረማያ ደጋ

ደንገጎን በብስክሌት መውጣት የሚፈልግ ሰው እሑድ ገና ሳይነጋ ይጀምር። የጫት መኪና እሑድም ቢሆን አይቀርም፤ ቅጠሉ ከደረቀ ዋጋ ስለሌለው ሾፌሩ ቀስ አይልም። ከሁሉ የሚያሰጋው አወዳይ አካባቢ ነው፤ እዚያ አስፋልቱን ለቆ በእርሻው መካከል መሄድ ይሻላል።

ደጋው ላይ የሚፈለገው ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ በማሽላ፣ በድንችና በጫት መካከል የሚያልፈው የገበሬው መንገድ ነው፤ ከአዴሌ እስከ ሐረማያ ድረስ እያቋረጡ መሄድ ይቻላል። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ደርቆ ነበር። ውኃው ሲመለስ ያየ ሰው በዳርቻው በብስክሌት መዞርን እንደ ቀላል ነገር አይቆጥረውም።

ሐረር፦ የጀጎል ዙሪያ

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ግንቡን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን። ውስጡ ያሉት ጠባብ መንገዶች አብዛኞቹ መኪና አያስገቡም፤ ነገር ግን ቁልቁለትና ድንጋይ ስለሆኑ ብስክሌት የሚገፋባቸው እንጂ የሚነዳባቸው አይደሉም። መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪና ድምፅ ነው።

ለመንዳት የሚመቸው የግንቡ ውጭ ነው። ዙሪያው 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ከሸዋ በር ተነስቶ በቡዳ በር፣ በሰንጋ በርና በኤረር በር አልፎ በፈላና በር ይዘጋል። በአንዳንድ ቦታ መንገዱ በገበያና በቤት ይቋረጣል፤ ከብስክሌት ወርዶ ማለፍ ነው። ግማሽ ላይ ቆም ብሎ ቁጢ፣ ማለትም በቡና ቅጠል የሚፈላውን መጠጥ፣ መጠጣት የሐረር ወግ ነው።

በግንቡ ሥር በየቦታው ከመሬት ከፍ ያላሉ ቀዳዳዎች አሉ። ሐረሪዎች ዋራባ ኑዱል ይሏቸዋል፤ የጅብ መግቢያ ማለት ነው። ስለዚህ ዙሩን ማታ 12 ሰዓት ሳይሞላ መጨረስ ነው፤ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ይኸው መንገድ የጅቦቹ ነው።