ሀዋሳ ላይ የቡናን ደረጃ የሚወስኑት ቀማሾች

ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት የለቀማ ወራት ከይርጋለም፣ ከአለታ ወንዶ፣ ከበንሳ የሚነሳ ቡና ወደ ሀዋሳ ይወጣል። ለሽያጭም ሆነ ለውጭ ገበያ ከማለፉ በፊት ግን ደረጃ ሊወጣለት ይገባል። ይህን ደረጃ የሚያወጡት ቀማሾች ናቸው። ቡና የሚሸጠው በፈረሱላ ነው፣ አንድ ፈረሱላ ደግሞ 17 ኪሎ። ኪሎውን ማንም ሚዛን ላይ ያየዋል። ጥራቱን የሚናገሩት እነሱ ብቻ ናቸው፤ እኩል የሚመዝኑ ሁለት ፈረሱላዎችን ዋጋ ሰማይና ምድር የሚያደርገው የእነሱ ቃል ነው።

ድሮ ይህ ሥራ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነበር። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም ሥራ ጀምሮ በቀጣዩ ዓመት ቡናን ሲይዝ መጋዘኑም ምርመራውም ወደ አምራቹ ተጠጋ። ሀዋሳ አንዷ ሆነች፣ ዲላና ጅማም እንደዚያው። በ2009 ዓ.ም አዲስ የቡና ግብይት አዋጅ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከምርት ገበያው ውጪ በቀጥታ ወደ ላኪ የሚሄደው ቡና በዛ። መንገዱ ይለያይ እንጂ ሳይቀመስ የሚያልፍ ቡና የለም።

ሥራው ከመኪናው ይጀምራል። ናሙና ወሳጁ ከተለያዩ ጆንያዎች ይወስዳል፣ ይቀላቅላል፣ ኮድ ይሰጠዋል። ከዚህ በኋላ ቡናው የማን እንደሆነ ቀማሹ አያውቅም። ይህ ኮድ የሥራው ሁሉ መሠረት ነው። ኮዱ ከታወቀ የተቀረው ሁሉ ዋጋ የለውም።

መጀመሪያ ጥሬው ይታያል። እርጥበቱ በመሣሪያ ይለካል፤ ከ12 በመቶ ከዘለለ ሻጋታ እየመጣ ነው ማለት ነው። ከዚያ ፍሬው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይለቀማል፦ ጥቁሩ፣ የተሰበረው፣ ተባይ የበላው፣ የኮመጠጠው። ቀለሙም ሽታውም ይመዘገባል። ጥሬው ከ100 ውስጥ 40 ነጥብ ይይዛል። ቀሪው 60 የስኒው ነው።

አቆላሉ እንደ ቤታችን አይደለም። እኛ ጠቆር እስኪል፣ ጭሱ ቤቱን እስኪሞላው እንቆላለን። እነሱ ገና ቡናማ እያለ ያወጡታል፣ ምክንያቱም በደንብ የተቆላ ቡና ጉድለቱን ይደብቃል። ይፈጫል፣ ዱቄቱ ይሸተታል፣ የፈላ ውሃ ይፈስበታል። ላዩ ላይ ወፍራም አረፋ ይሠራል። አራት ደቂቃ ያህል ሲሆነው ቀማሹ አፍንጫውን ስኒው ላይ ደፍቶ አረፋውን በማንኪያ ይሰብራል። ያኔ የሚወጣው ሽታ ብዙ ነገር ይናገራል። ቀዝቀዝ ሲል በማንኪያ ፉት ይላል፣ በኃይል፣ ድምፁ ክፍሉ ውስጥ እስኪሰማ። ይህ አለመሠልጠን አይደለም፤ ቡናው ከአየር ጋር ተበትኖ ምላስንም አፍንጫንም እንዲደርስ ነው። ከዚያ ይተፋዋል። በዓለም አቀፉ አሠራር ከአንድ ናሙና አምስት ስኒ ይቀርባል። አንዲት የበሰበሰች ፍሬ ከአምስቱ አንዱን ስኒ ብቻ ታበላሽ ይሆናል፣ አንድ ስኒ ብቻ ቢቀርብ ደግሞ ልታመልጥ ትችላለች። ስኒው ሲቀዘቅዝ ደግሞ እንደገና ይቀመሳል። ትኩስ ሳለ የተደበቀ ጥፋት ያኔ ብቅ ይላል።

የስኒው 60 ነጥብ ለአራት ይከፈላል፦ ንጽሕና፣ አሲዲቲ (ምላስ ላይ የሚሰማው ደስ የሚል ኮምጣጣነት)፣ ቦዲ (አፍ ውስጥ ያለው ውፍረት)፣ ፍሌቨር (አጠቃላይ ጣዕሙ)። ለእያንዳንዱ 15። የሲዳማ ቡና ስሙን ያገኘው በሎሚና በአበባ ቃናው ነው፣ ቀማሹም የሚፈልገው እሱን ነው። ቀማሾች አብረው ይቀምሳሉ፣ ግን እስኪጽፉ አይነጋገሩም። ልዩነቱ ከሰፋ ይደገማል። አቅራቢውም ቅሬታ ካለው ድጋሚ እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል።

ሕይወታቸውም በምላሳቸው ዙሪያ ነው። ሽቶ የለም፣ ሲጋራ የለም። ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ከዳጣ ጋር መብላት የሀዋሳ ሰው ደስታ ነው፣ ቅምሻ ያለበት ቀን ግን ዳጣው ይቀራል። ጉንፋን የያዘው ቀማሽ ያን ቀን ባይቀምስ ይሻላል። የኪው ግሬደር ፈተና፣ ማለትም ዓለም አቀፉን የቡና ቀማሽነት ፈተና፣ የሚወስዱት ደግሞ ለረጅም ዓመታት 36 የሽታ ብልቃጦችን በአፍንጫ ይለዩ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ከሆኑባቸው ሦስት ስኒዎች ውስጥም ልዩውን ያወጡ ነበር። ምስክር ወረቀቱም በየ3 ዓመቱ ይታደስ ነበር። ተሰጥኦ ይረዳል፣ ሥራውን የሚሠራው ግን በየቀኑ መቅመስ ነው።

ምላስ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያወጣ ለማየት ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የሚባለው የቡና ጥራት ውድድር ይበቃል። ውድድሩ ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2012 ዓ.ም ሲካሄድ አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በጨረታ አንዱ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላው፣ ከ185 ዶላር በላይ ተሸጠ። ነጥቡን የሰጡት ቀማሾች ናቸው።

እኔን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ውጤቱ ገበሬው ዘንድ አይደርስም። እሸቱን ለሳይት፣ ማለትም ለቡና ማጠቢያ ጣቢያው፣ በኪሎ ይሸጣል፣ ወሬው እዚያ ያልቃል። ቀማሹ የሞላው ወረቀት ግን ቡናው የት እንደተበላሸ ያሳያል። ኮምጥጦ ከሆነ ምናልባት ገንዳ ውስጥ ቆይቷል ወይም እሸቱ ሳይፈለፈል አድሯል። አፈር አፈር ካለ መሬት ላይ ደርቋል። ቅጠል ቅጠል ካለ ያልበሰለ እሸት ተቀላቅሏል። ይህን ቢሰማ የዘንድሮውን ስህተት ከርሞ የማይደግም ገበሬ ሞልቷል፣ ደረጃ ሦስት ብቻ ብትሉት ግን ምን ይማራል?

ላኪው የራሱ ቀማሽና የቅምሻ ክፍል አለው። መንግሥት አለው። ገዢውም ባሕር ማዶ አለው። ሳይት ላይም ቢሆን ትንሽ መቁያ፣ ወፍጮ፣ የፈላ ውሃና ማንኪያ ካለ መቅመስ ይቻላል፣ ባለሙያውም ሀዋሳ ላይ አለ። እስከዚያው የሳይት ባለቤቶች ቢያንስ የውጤቱን ወረቀት እሸት በሚመዘንበት ቦታ፣ በሲዳምኛም በአማርኛም፣ ለጥፉት።