ጆርጂያኛና ጀርመንኛ ጎን ለጎን ሲታዩ

ጆርጂያኛና ጀርመንኛ በዘር አይገናኙም። ጀርመንኛ የኢንዶ ዩሮፒያን ቤተሰብ ነው፣ የእንግሊዝኛና የሆላንድኛ የቅርብ ዘመድ፣ የሩሲያኛ፣ የፋርስኛና የሂንዲ ደግሞ የሩቅ። ጆርጂያኛ ግን ካርትቬላዊ የሚባል ትንሽ ቤተሰብ ውስጥ ነው ያለው፣ ቤተሰቡ ባጠቃላይ አራት ቋንቋ ነው፤ ራሱ ጆርጂያኛ፣ ሜግሬልኛ፣ ስቫንኛ፣ እና አብዛኛው ተናጋሪው ቱርክ ውስጥ የሚኖረው ላዝኛ። ከነዚህ ውጪ ዘመዱ ነው ተብሎ የተረጋገጠ ቋንቋ የለም። በተናጋሪ ብዛትም አይቀራረቡም፣ ጀርመንኛ ከ90 ሚሊዮን በላይ ሰው አፉን የፈታበት ሲሆን ጆርጂያኛ ወደ 4 ሚሊዮን ገደማ ነው።

ሁለቱም "ከባድ ቋንቋ" የሚል ስም ወጥቶላቸዋል፣ ክብደታቸው ግን ያለው የተለያየ ቦታ ላይ ነው። ጀርመንኛ ሸክሙን ስሙ ላይና የቃላት አቀማመጡ ላይ ይጥላል፣ ጆርጂያኛ ደግሞ ግሱ ላይ። እና እዚህ ጋ ነው ለኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ነገሩ ደስ የሚለው፣ ምክንያቱም ግሱ ብዙ የሚሸከም ቋንቋ እናውቃለን፣ በየቀኑ እንናገረዋለን።

"ሰጠኝ" በሉ። አንድ ቃል ነው፣ ሰጪውም ተቀባዩም ውስጡ አሉ። ጀርመኑ ይሄን ለማለት ሶስት ቃል ደርድሮ "ኤር ጋብ ሚር" ይላል፣ እሱ ለብቻው፣ ሰጠ ለብቻው፣ ለኔ ለብቻው። ጆርጂያዊው ግን "ሞምትሳ" ብሎ ይጨርሳል። ሰጠህ ሲሆን "ሞግትሳ"፣ ሰጠው ሲሆን "ሚስትሳ"። ልብ ብላችሁ ካያችሁት መሀል ያሉት "ም"፣ "ግ" እና "ስ" ተቀባዩን ነው የሚያሳዩት፣ ልክ እንደኛ "ኝ"፣ "ህ" እና "ው"። መነሻው ላይ ያሉት "ሞ" እና "ሚ" ደግሞ አቅጣጫ ናቸው፣ ነገሩ ወደኔ ወይ ወዳንተ ከመጣ "ሞ"፣ ወደ ሶስተኛ ሰው ከሄደ "ሚ"። ስለዚህ "ሞዲስ" ይመጣል ነው፣ "ሚዲስ" ይሄዳል ነው። ጀርመንኛም ይቺ አቅጣጫ የማሳየት ነገር አለችው፣ "ሄር" ወደዚህ "ሂን" ወደዛ ማለት ነው፣ ግን የጀርመንኛው ቅጥያ ከግሱ እየተላቀቀ አረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ይወድቃል። "ኢሽ ሽቴሄ ኡም ዚበን አውፍ" ብሎ በ7 ሰዓት (በፈረንጆች አቆጣጠር) እነሳለሁ ሲል ግሱ "አውፍሽቴሄን" ነው፣ ግማሹ ሁለተኛ ቦታ ላይ ቆሞ ግማሹ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ ሰሚው እስከዛ መታገስ አለበት። የጆርጂያኛው ቅጥያ ግን ከግሱ ንቅንቅ አይልም።

የጆርጂያኛ ትልቁ ፈተና የሚመጣው ጊዜው ሲቀየር ነው። ሰውየው ደብዳቤ ይጽፋል ለማለት "ካትሲ ጼሪልስ ጼርስ" ይባላል። ጻፈ ሲሆን "ካትስማ ጼሪሊ ዳጼራ"። ሳላየው ጽፎ ኖሯል ሲሆን ደግሞ "ካትስስ ጼሪሊ ዳኡጼሪያ"። ጸሐፊው ያው አንድ ሰው ነው፣ ግን ካትሲ፣ ካትስማ፣ ካትስስ እየተባለ የስሙ መጨረሻ እንደ ግሱ ጊዜ ይቀያየራል፣ ማለትም ግሱ ስሙን ያዘዋል። ጀርመንኛ ላይ ይሄ የለም፣ የአረፍተ ነገሩ ባለቤት ሁሌም "ዴር ማን" ነው፣ ትናንትም ይሁን ነገ። ሶስተኛዋን አባባል እኔ በጣም ነው የምወዳት፣ ሲጽፍ አላየሁትም ግን ደብዳቤውን አግኝቼ እንደጻፈ አወቅኩ የሚለውን በአንድ ግስ ትጨርሰዋለች፣ የኛም "ኖሯል" እኮ ይሄንኑ ነው የምትሰራው። ጀርመኖች የሰው ወሬ ሲያስተላልፉ ግሱን በሌላ መልክ ያረቡታል፣ "ኤር ሃበ ገሽሪበን" ካሉ ጽፏል ተብሏል ማለት ነው፣ ዜና ላይ ይበዛል፣ ግን እሱ የሰሙትን ለማውራት እንጂ ካዩት ምልክት ተነስቶ ለመገመት አይደለም።

በተቃራኒው ስም ላይ ጀርመንኛ ነው የሚያስቸግረው። ፆታው ሶስት ነው፣ ማንኪያ ወንድ (ዴር ሎፍል)፣ ሹካ ሴት (ዲ ጋብል)፣ ቢላ ደግሞ ከሁለቱም ያልሆነ (ዳስ ሜሰር)፣ በቃ ከነ አርቲክሉ፣ ማለትም ከስሙ ፊት ከምትቆመዋ ቃል ጋር መያዝ ነው። አርቲክሉ ደግሞ በአራት ኬዝ፣ ማለትም ስሙ በአረፍተ ነገሩ ውስጥ እንዳለው ሚና ይረባል፣ ዴር የነበረው ዴን፣ ዴም፣ ዴስ ይሆናል። ጆርጂያኛ ኬዙ ሰባት ነው፣ ግን አርቲክል የለም፣ ፆታም ጭራሽ የለም፣ እሱም እሷም "ኢስ" ናቸው። ሰባት ሲባል ያስፈራል እንጂ መጨረሻዎቹ ለሁሉም ስም ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ስለሆኑ ከጀርመንኛው ይቀላሉ ባይ ነኝ።

ድምፁ ጋ ስንመጣ ለኛ ትልቅ ስጦታ አለ። ጉሮሮ ተዘግቶ የሚወጡት እነ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ ጀርመንኛ ውስጥ ለብቻቸው የሚለዩ ድምፆች አይደሉም፣ ጆርጂያኛ ውስጥ ግን አምስቱም አሉ፣ ከነሱ በተጨማሪ ከቀ ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ የሚወጣ ስድስተኛም አለ። ታዋቂው የአይብ ዳቦ በየምግብ ቤቱ "ካቻፑሪ" እየተባለ ቢጻፍም ጆርጂያዊው የሚለው "ኻጫጱሪ" ነው፣ በላቲን ፊደል ምልክት ካልተጨመረ የማይወጣውን በኛ ፊደል ቁጭ ማድረግ ይቻላል። አስቸጋሪው የተነባቢ ክምር ነው፣ "ግቭፕርትስክቭኒ" የሚል ቃል አለ፣ ትርጉሙ "ትልጠናለህ"፣ ስምንት ተነባቢ ካለ አናባቢ ተደርድሮ። ጀርመንኛም "ሄርብስት" (መኸር) ብሎ ይከምራል፣ ግን እዛ አይደርስም።

በጽሕፈት ጀርመንኛ 26ቱን የላቲን ፊደላት ከአራት ጭማሪ ጋር ይዞ የማንኛውንም ስም መጀመሪያ በትልቅ ፊደል ይጽፋል። ጆርጂያኛ ዛሬ ምኸድሩሊ በሚባለው ባለ 33 ፊደል ነው የሚጻፈው፣ የሰው ስምም ሆነ አረፍተ ነገር ሲጀምር ፊደሉ አይቀየርም፣ በዚህም እኛን ይመስላል። ምኸድሩሊንና ከሱ የቀደሙትን ሁለት የጆርጂያ ጽሕፈቶች ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ መዝግቧቸዋል። ቁጥር አቆጣጠር በአጭሩ፦ 47 በጀርመንኛ ሰባትና አርባ ነው፣ በጆርጂያኛ ሁለት ሀያና ሰባት።

ሁለቱ ቋንቋዎች በአካልም ተገናኝተዋል፣ ቦልኒሲ በምትባል የጆርጂያ ከተማ ላይ። ቦልኒሲ አካባቢ ያለው የሲዮን ቤተክርስቲያን ላይ በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተቀረጸ፣ ጆርጂያ ውስጥ ካሉት ጥንታዊ የጆርጂያኛ ጽሑፎች አንዱ ይገኛል። እዛው ቦልኒሲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1818 ከቩርተምበርግ የመጡ ጀርመን ገበሬዎች ካታሪነንፌልድ ብለው ሰፈሩ፣ ወይን እየተከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ጀርመንኛቸውን ይዘው ኖሩ፣ እስከ 1941 ድረስ፣ ያኔ ስታሊን ነቅሎ አብዛኞቹን ወደ ካዛኪስታን አጋዛቸው፣ የዛ አካባቢ ጀርመንኛም አብሯቸው ሄደ። ጆርጂያኛም ከላይ የመጣ አደጋ ገጥሞት ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የሶቪየት ጆርጂያ ሪፐብሊክ አዲስ ህገ መንግስት ረቂቅ የመንግስት ቋንቋነቱን ሊያስቀር ሲል ሚያዝያ ወር ላይ በፈረንጆች አፕሪል 14 የትብሊሲ ተማሪዎችና ነዋሪው መንገድ ላይ ወጡ፣ አንቀጹም ተመለሰ። በሶቪየት ዘመን እንዲህ አይነት ሰልፍ ወጥቶ ማሸነፍ ቀላል ነገር አልነበረም፣ ቀኑ እስካሁን የጆርጂያኛ ቋንቋ ቀን ሆኖ ይከበራል።

የቃል ውርስም አለ። ትብሊሲ ውስጥ ሳንድዊች "ቡቴርብሮዲ" ነው፣ ከጀርመንኛው ቡተርብሮት፤ ክራቫት ደግሞ "ሃልስቱኺ"፣ ከሃልስቱኽ።