ቀስ ብሎ መንዳትም ያጋጫል?

ሰሞኑን «ቀስ ብዬ ብነዳ ማንን ጎዳሁ?» የሚል ጥያቄ በዝቷል። ጅማ ከተማ ውስጥ፣ በባጃጅ መሃል፣ 30 ደህና ፍጥነት ነው። ወደ ሰኮሩ በሚወስደው አስፋልት ላይ ግን ሌላ ነገር ነው።

አደጋው ያለው በፍጥነት ልዩነቱ ላይ ነው። እርስዎ በ30 ይሄዳሉ እንበል፤ ከኋላ አይሱዙ በ80 ይመጣል። በየሰከንዱ 14 ሜትር ያህል ይጠጋዎታል። ኩርባውን ዞሮ በ70 ሜትር ርቀት ካየዎት፣ ፍሬን ካልያዘ 5 ሰከንድ ብቻ አለው። በ70 ቢነዱ ኖሮ 25 ሰከንድ ያገኝ ነበር።

ሌላም አለ። ከኋላ የተሰለፈው ሹፌር ትዕግሥቱ ያልቅና ሳያይ ይቀድማል። ከፊት ሚኒባስ ከመጣ አለቀ! ጥፋቱ የቀዳሚው ነው፣ ግን ሰበቡ እርስዎ ነዎት።

ምልክት ላይ ያለው የፍጥነት ወሰን ጣሪያ ነው፤ የግድ ይድረሱበት ማለት አይደለም። በዝናብ፣ በጉም ቀስ ማለት ትክክል ነው። «ከዚህ በታች አትንዱ» የሚል ዝቅተኛ የፍጥነት ወሰን ግን የሚያስገድደው፣ ይህን የሚያሳይ ምልክት ባለበት መንገድ ነው። ከፍተኛውም እንደ መንገዱና እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያል።

መኪናው ዳገት ካቃተው ቀኝ ይያዙ። ሰፋ ያለ ቦታ ሲያገኙ ፍሬቻ አሳይተው ይውጡና የተሰለፉትን ያሳልፉ።