የልጃገረዶች የቡድን ምክክር ምንድን ነው?

«ምክር» የሚለው ቃል ያሳስታል። ወሎ ውስጥ አንዲትን የ15 ዓመት ልጅ «ነይ፣ የምክር ፕሮግራም አለ» ብትሏት ምን እንደሚታያት አውቃለሁ፦ ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ሰው ይቆማል፣ እሷ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች፣ መጨረሻ ላይ «ሰማሽ?» ስትባል «እሺ» ትላለች። ከእናቷ፣ ከአክስቷ፣ ከቄሱ ወይም ከሼኹ፣ ከክፍል ኃላፊ መምህሯ ስታገኘው የኖረችው ምክር ይኸው ነው።

እኔም መጀመሪያ ሰሞን ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ደሴ ውስጥ ዘጠኝ ልጆች ሰብስቤ ስለ በራስ መተማመን 40 ደቂቃ ሙሉ አወራሁ። «ጥያቄ ያላት?» ስል ጭጭ። ክፍሉን ለቀው በረንዳው ላይ ገና ሲደርሱ ግን ወሬው ፈላ፤ አንዷ ስታለቅስ ሁለቱ አቅፈዋት ነበር። ዋናው ነገር እኔ በሌለሁበት እየተካሄደ ነበር ማለት ነው።

አማርኛ ልዩነቱን በአንዲት ፊደል ይለየዋል፦ መምከር እና መማከር። መምከር ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ መማከር ዙሪያውን ይዞራል። በቢሮ ወረቀት «የቡድን የምክር አገልግሎት» እየተባለ የሚጻፈው ነገር በእውነቱ መማከር ነው። (ምክክር የሚለውን ቃል ፖለቲካው ቀድሞ ስለወሰደው ይሆናል ወረቀቱ የሚሸሸው።) በዕድሜ የሚቀራረቡ ከስድስት እስከ አሥር የሚሆኑ ልጃገረዶች በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ወይም ለአንድ ሰዓት ተኩል ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። የሠለጠነች አማካሪ ታወያያለች፤ ሁለት ቢሆኑ ይመረጣል፣ አንዷ ስታወያይ ሌላዋ የዝምተኞቹን ፊት ታያለችና። ስምንት ወይም አሥር ሳምንት ያህል ይቀጥላል። የ11 ዓመት ልጅና የ18 ዓመት ልጅ አንድ ላይ ባይቀመጡ ጥሩ ነው። ትንሿ ስለ ወር አበባ ልትጠይቅ መጥታ፣ ትልቋ ዓረብ አገር እወስድሻለሁ ስላላት ደላላ ስታወራ ሁለቱም ያፍራሉ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1905 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ ጆሴፍ ፕራት የሚባል ሐኪም፣ አቅም የሌላቸውን የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን በአንድነት እየሰበሰበ ስለ ንጽሕናና ስለ እረፍት ያስተምር ጀመር። ሲያየው ግን ከትምህርቱ ሌላ አንድ ላይ መሰባሰባቸው ራሱ ያበረታቸዋል። በኋላ አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ኢርቪን ያሎም ቡድን ሰውን የሚያግዝባቸውን መንገዶች ሲዘረዝር አንዱ ይህ ሆነ፦ «ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም።»

ይህ ሲሆን ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ (ልጆቹ እንዳይታወቁ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ)። እኛ ጋ ባዶ ሲኒ ይዞራል፤ ሲኒውን የያዘች ትናገራለች፣ መናገር ካልፈለገች ለቀጣይዋ ታሳልፋለች። አንዷ ሦስት ሳምንት ስታሳልፍ ቆየች። በአራተኛው ያዘችው። ጣቷን በጠርዙ እያዞረች፣ በ2014 ጦርነቱ ደሴ ከገባ ወዲህ የሱቅ ቆርቆሮ በር ድው ሲል ልቧ እንደሚቆም፣ ሌሊት እንቅልፍ እንደማይወስዳት ተናገረች። አማካሪዋ «አይዞሽ፣ ያልፋል» አላለችም። «እንዲህ የሚሰማት ሌላም አለች?» ብቻ አለች። ከወዲያ ጥግ አንዷ፦ «እኔ እስካሁን ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምተኛው።» ሲኒውን የያዘችው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት።

ታዲያ ቡና እየጠጡ ከማውጋት በምን ይለያል? ወሎ በቡናው አይታማም፤ ከአቦል እስከ በረካ የማይነሳ ነገር የለም። ግን በረካው ሳይቀዳ የአቦሉ ወሬ ሰፈሩን አዳርሷል። የሁለቱ ልጆች እናቶች አንድ ቅሬ (እድር) ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ የቡድኑ የመጀመሪያ ሕግ ምስጢር ነው፦ የራስሽን ታሪክ ለፈለግሽው ንገሪ፣ የጓደኛሽን ግን ለእናትሽም አትንገሪ። አማካሪዋም በዚሁ ትገዛለች፣ ከጥቂት ነገሮች በስተቀር። ልጅቱ ራሷን ልታጠፋ ካሰበች፣ የሚጎዳት ሰው ካለ፣ ወይም ዕድሜዋ ሳይደርስ ልትዳር ቀን ከተቆረጠ ዝም አይባልም። በአገራችን የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻ መፈጸም ደግሞ በ1997 በወጣው የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። ይህ ሁሉ ሊነገር የሚገባው በመጀመሪያው ቀን ነው። ልጅቱ ከተናገረች በኋላ «ይሄንንስ ልደብቅልሽ አልችልም» ማለት ክህደት ይሆንባታል።

ቡድን ለሁሉም አይሆንም። በጦርነቱ የተደፈረችን ልጅ በእኩዮቿ ፊት ተናገሪ ማለት ቁስሏን መንካት ነው፤ ለእሷ መጀመሪያ ለብቻ የሚያያት ባለሙያና ሕክምና ይቀድማል። ሰውን ከአደጋ ማግሥት አንዴ አስቀምጦ የሆነውን ሁሉ ማስተረክም የዓለም ጤና ድርጅት የማይመክረው ነገር ነው።

ታዲያ ልጆቹ በየሳምንቱ ሲገናኙ የሚያወሩ ብቻ አይደሉም። ቀስ ብሎ መተንፈስን፣ ለስሜት ስም መስጠትን፣ አንድን ችግር ቆራርሶ ማየትን ይለማመዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከ10 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች ያዘጋጁት «ኢዝ» የሚባል የቡድን ሥልጠና አለ። ሰባቱ ክፍለ ጊዜ የልጆቹ ነው፤ ሦስቱ የወላጆች። እኔ በጣም የምወደው እነዚያን ሦስቱን ነው። ወላጅ ካልገባው ልጅቷ አትመጣም፤ ቀን የሚመረጠውም ከእሱ ጋር ተነጋግሮ ነው። ባቲ ከሆነ ሰኞ አይታሰብም፣ ገበያ ነው። ዓርብ ጁምዓ አለ።

ወላጆች ሲመጡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ሁሌ አንድ ነው፦ «ልጄ አመማት እንዴ?» አንድ አባት ግን ስንቀጥራቸው መጥተው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሌሎቹ ሲወጡ ወደ ኋላ ቀሩ።

«እታለም፣ ለወንድስ የላችሁም?» አሉኝ። «ታላቅ ወንድሟ ከዚያን ጊዜ ወዲህ አያወራም።»