ሳትያጂት ሬይ እና ፊልሞቹ

ሳትያጂት ሬይ (1921–1992 እ.ኤ.አ.) በሕንድ ካልካታ ከተማ ተወልዶ ያደገ፣ ዘጋቢና አጫጭር ፊልሞቹ ሲታከሉ 36 ሥራዎችን ያበረከተ ታላቅ የቤንጋል የፊልም ዳይሬክተር ነው። አያቱ አታሚና የልጆች መጻሕፍት ደራሲ፣ አባቱም በአስቂኝ ግጥሞቹ እስከ ዛሬ የሚወደድ ገጣሚ ነበር። ሬይም ወደ ፊልም የመጣው በሥዕልና በኅትመት በኩል ነው፤ በአንድ የእንግሊዞች የማስታወቂያ ድርጅት እየሠራ ሳለ የቢቡቲቡሻን ባንዲዮፓድያይ ልብ ወለድ ለልጆች አጥሮ ሲታተም ሥዕሎቹን እንዲሠራ ተጠየቀ።

ያ ልብ ወለድ የመጀመሪያ ፊልሙ «ፓተር ፓንቻሊ» ሆነ። ቀረጻው በ1952 ተጀምሮ በ1955 ለዕይታ እስኪበቃ ድረስ ገንዘብ እያለቀ ደጋግሞ ተቋርጧል፤ ሬይ የሕይወት መድኑን፣ ሚስቱም ጌጣጌጧን አስይዘዋል። የካሜራ ባለሙያው ሱብራታ ሚትራ የ21 ዓመት ወጣት ሲሆን ከዚያ በፊት የፊልም ካሜራ ይዞ አያውቅም ነበር። ሕፃኑ አፑ ከእኅቱ ጋር በነጭ የሣር አበባ መካከል እየሮጠ ባቡር የሚያይበት ትዕይንት ከፊሉ ከተቀረጸ በኋላ፣ ባልደረቦቹ በሳምንቱ ሲመለሱ ከብት አበባውን ግጦ ጨርሶት ስላገኙት፣ ቀሪውን ለመሥራት የሚቀጥለውን ዓመት አበባ መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። በመጨረሻ ወጪውን የሸፈነው የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ሲሆን፣ በርዕሱ «መንገድ» የሚል ቃል ስላለ ገንዘቡ ለመንገድ ማሻሻያ ተብሎ ተመዘገበ ይባላል። ፊልሙ በ1956 በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ተሸለመ፤ ተከታዩ «አፓራጂቶ» ደግሞ በ1957 የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫልን ከፍተኛ ሽልማት፣ የወርቅ አንበሳን፣ አገኘ።

ሬይን በገጠር ድህነት ብቻ የሚያውቁት ብዙዎች ናቸው። በ1980 የሕንድ ተዋናይትና የፓርላማ አባል ናርጊስ ዱት ድህነትን ለውጭ ገበያ ያቀርባል ስትል መንቀፏም ይታወሳል፤ ይህ ነቀፋ ግን ሥራዎቹን በሙሉ ላየ ሰው የሚያሳምን አይደለም። በ1964ቱ «ቻሩላታ» በትልቅ ቤት ውስጥ ብቻዋን የምትውል ሴት በቲያትር መነጽር ከመስኮት መስኮት እየተዘዋወረች መንገደኛውን ትመለከታለች፤ ባሏ መጽሐፍ እያነበበ ሳያያት ባጠገቧ ሲያልፍም እሱንም በዚያው መነጽር ታየዋለች። ትዳሩ ምን እንደጎደለው ያለ አንዲት ቃል ይገባናል። ከአምስት ዓመት በኋላ ይኸው ሬይ ከአያቱ ተረት ተነሥቶ ነገሥታት፣ ገበሬዎች፣ እንግሊዞችና ወፍራም ሰዎች የነበሩ መናፍስት የሚጨፍሩበትን ሙዚቃዊ ፊልም ሠራ። በ1970ዎቹ ሥራ አጥ ወጣቶችን የሚመለከቱ የካልካታ ፊልሞችን፣ ራሱ የፈጠረውን የመርማሪ ፌሉዳን ጀብዱ እንዲሁም በ1977 በኡርዱና በሂንዲ ታሪካዊ ፊልም አዘጋጅቷል።

ከ1961 ጀምሮ የአብዛኞቹን ፊልሞቹን ሙዚቃ የደረሰው እሱ ነው። ትዕይንቶቹንና አልባሳቱን በቀይ ጨርቅ በተጠረዙ ደብተሮች አስቀድሞ ይስል፣ ፖስተሮቹንም ራሱ ይነድፍ ነበር።

በ1983 ልቡን ከታመመ በኋላ ቀረጻው በአብዛኛው ቤት ውስጥ ተወሰነ፤ ልጁ ሳንዲፕም ያግዘው ጀመር። የመጨረሻ ፊልሙ «አጋንቱክ» በ1991 ወጣ። በቀጣዩ ዓመት የክብር ኦስካሩን ካልካታ ውስጥ በሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ ተቀብሎ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 1992 እ.ኤ.አ. አረፈ።