በተፈጨ ሥጋ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው «20 በመቶ ስብ» ምን ማለት ነው?

በተፈጨ ሥጋ ማሸጊያ ላይ የሚታየው የስብ መጠን ደጋግሞ ስለሚያከራክር ትርጉሙን ማስረዳት ያስፈልጋል። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ጥሬው ሥጋ ክብደት ብቻ ነው፤ «20 በመቶ ስብ» የተባለውን ሥጋ 500 ግራም ብንገዛ 100 ግራሙ ስብ ነው ማለት ነው። ብዙዎች ግን ከምግቡ ከሚያገኙት ጉልበት አንድ አምስተኛው ብቻ ከስብ የሚመጣ ይመስላቸዋል። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ስለሚሰጥ፣ የቀረው ሥጋ ደግሞ በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ፣ ከእንዲህ ዓይነቱ ጥሬ ሥጋ ጉልበት ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚገኘው ከስቡ ነው።

ሥጋው ሲበስል ቁጥሩ እንዳለ አይቆይም። መጥበሻው ሲግል ስቡ ቀልጦ ይወርዳል፣ ውሃውም ይተናል፤ ስለዚህ ሥጋው ተኮማትሮ ብናገኘው ሻጩ አጭበረበረን ለማለት አያስደፍርም። ለሚጠበስ ጥፍጥፍ ሥጋ እኔ 20 በመቶውን እመርጣለሁ፤ 5 በመቶ ስብ ያለው ምጣድ ላይ ደርቆ ይፈረፈራል፣ በስጎ ውስጥ ሲበስል ግን ፈሳሹ ስለሚያለሰልሰው ጥሩ ይሆናል።

እስካሁን የተባለው በየትኛውም ቦታ ያው ነው። የሚለያየው እንደ «ስቡ የተቀነሰ» ያለው ስያሜ ሲሆን፣ የሚፈቀደውን የስብ ጣሪያ እያንዳንዱ አገር በራሱ ደንብ ይወስናል፤ በመሆኑም ከስያሜው ይልቅ ቁጥሩን ማየት ይሻላል። የተፈጨ ዶሮም ከነቆዳው ተፈጭቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ዶሮ በመሆኑ ብቻ ስቡ አነስተኛ ነው ማለት አይቻልም።